እንብላ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የወጣነው ልጆቻችንን መካኒሳ አካባቢ ወዳለ መጫወቻ ለመውሰድ ነበር። ልጆቹ ከሸርተቴው ሲመለሱ ባለቤቴ የቋንጣ ፍርፍር የያዘውን የምሳ ዕቃ ከፈተና አጠገባችን ለተቀመጡት ባልና ሚስት፣ «እንብላ፣ ኑ ቅረቡ» አላቸው። ሰዎቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። እኔ እግሩን ረገጥኩት።

«ኧረ አታሳፍረን» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ምን አልኩ? ብቻችንን ልንበላ ነው እንዴ?»

ዛሬ ለልጆቹ የቋንጣ ፍርፍር ስሠራ ሽታው ያንን ቀን አመጣብኝ፤ ከዚያም አልፎ ሰባት ዓመቴ ላይ ወሰደኝ። አባቴ ወንዝ ዳር ሊያዝናናን ይዞን ወጥቶ፣ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «እንብላ» ሲል እኔ እናቴ ነጠላ ውስጥ ተደብቄ ነበር። አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው ከአባቴ እጅ አንዲት ጉርሻ ተቀበሉ። አላምጠው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩና፣ «የጠራኝ አባትሽ፣ የበላሁት እኔ። የምታፍሪው አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» አሉኝ።

ባለቤቴ እግሩን የረገጥኩት ቀን ምሳውን ሳይጨርስ የዕቃውን ክዳን ገጠመ። በወሩ ታሞ አረፈ። ይቅርታ አላልኩትም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹን እዚያው መጫወቻ እወስዳቸዋለሁ። ምሳችንን ግን ቤት በልተን ነው የምንወጣው።