የባለቤቴ አምሮትና የካላክላው አይስክሬም

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ባረገዘችበት ጊዜ ካርቱም ውስጥ የማይጠይቅ ሰው አልነበረም። ወጣቱ የሲቪል መንግሥት ይጠይቃል፤ ወታደሩ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ይላል፤ ዳቦ ቤት የተሰለፈው ዳቦ፣ ማደያ የተሰለፈው ቤንዚን ይጠይቃል። ምንም የማትጠይቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች። እኔን ያስጨነቀኝም እሱ ነው።

ምግብ የሚባል ነገር ጠልታለች። ጀብራ ሰፈር የተከራየናት ክፍል ከፉል ሻጭ ጎን ስለነበረች፣ ሰውየው ጠዋት የድስቱን ክዳን ሲያነሳ እሷ መስኮቱን ትዘጋለች። ሙቀቱ ሲያስጨንቃት ትከፍታለች፤ ሽታው ሲገባ መልሳ ትዘጋለች። እኔ አገር ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። በፖለቲካ ሰበብ ከተሰደድኩ ወዲህ ግን የሰው ቤት ቀለም እየቀባሁ ነው የምኖረው። ከሥራ ስመለስ የቀለሙ ሽታ ስለሚያጥወለውላት ሸሚዜንና ሱሪዬን በር ላይ ሳላወልቅ አታስገባኝም። መምህር ስለነበርኩ ኡስታዝ የሚለኝ የሰፈሩ ሰው፣ በየቀኑ በውስጥ ሱሪ ቤቱ የሚገባ ኡስታዝ ማየት ለምዶ፣ ኋላ ላይ ዞር ብሎም አያየኝም ነበር።

አንድ ዓርብ ጠዋት አልጋው ላይ ተቀምጣ ጣሪያውን ስታይ ቆየችና፣ "አይስክሬም አማረኝ" አለች።

በደስታ ጫማዬን ሳላስር ነው የወጣሁት። ከማዕዘኑ ሱቅ አንድ ጣሳ የፋብሪካ አይስክሬም ገዝቼ ሮጬ መጣሁ። ክዳኑን ስንከፍተው ግን አይስክሬሙ የጫማ ሶል መስሏል። መብራት በሄደ ቁጥር ቀልጦ፣ በመጣ ቁጥር ደግሞ እየረጋ፣ ስንቴ እንደተፈጠረ ፈጣሪ ይወቀው። ባለቤቴ ማንኪያውን እንኳ አላነሳችም። "ይሄን አላልኩህም" አለችና የምትፈልገውን አስረዳችኝ።

ሕመሙ በርትቶባት ሥራ እስክታቆም ድረስ አል-ማንሺያ፣ አባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ የቤት ሠራተኛ ነበረች። እመቤቲቱ እንግዳ ሲኖራቸው ከየት እንደሆነ የማይታወቅ አይስክሬም ያስመጣሉ። ነጭ ነው፤ ትንሽ ጎምዘዝ ይላል፤ ምላስ ላይ እንደ ሽሮ ዱቄት ሻከር ብሎ ይሟሟል። የሚሠራው ተበልዲ ከሚሉት ግንደ ወፍራም ዛፍ ፍሬ ነው። እንግዶቹ ሲሄዱ የሳህኑን ጥርጊያ እሷና የግቢው ዘበኛ ይካፈሉታል። እሱ ነው ያማራት።

ዘበኛው የአገራችን ልጅ ስለነበር ደወልኩለት። ስለ ጤናዋ ጠየቀኝ፤ ስለ አገር ቤት ጠየቀኝ፤ ወታደሮቹና ሲቪሎቹ ይስማሙ እንደሆነ አስተያየቴን ፈለገ። አይስክሬሙ ጋ ስንደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እመቤቲቱ ምንጩን ለጓደኞቻቸው እንኳ አይናገሩም፣ እኔም አደራ አለብኝ አለኝ። ያረገዘች ሴት መሆኗን ሳስታውሰው ግን፣ ካላክላ ሰፈር፣ ከእህል ወፍጮው ጀርባ፣ ሐጃ ብለህ ጠይቅ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ስነግራት ባለቤቴ በሳቅና በንዴት መሃል ሆነች። ካርቱም እንደገባን አንድ ዓመት ሙሉ የኖርነው ካላክላ፣ ከዚያው ወፍጮ ፊት ለፊት ነበር። የዱቄቱን ብናኝ እየተነፈስን ከኖርን በኋላ አይስክሬሙን ለማወቅ አል-ማንሺያ ድረስ ሄዳ የሰው ወለል መወልወል ነበረባት።

ያን ቀን የተቃውሞ ሰልፍ ስለነበር ሐፍላ የሚሉት የሕዝብ አውቶቡስ አልወጣም። ያለኝ ተስፋ ባለ ሦስት እግር ራክሻ የሚነዳው ሱዳናዊው ጎረቤቴ ነበር። የብዙ ልጆች አባት ስለሆነ በእርግዝና ጉዳይ ሊቅ ነኝ ባይ ነው። ነገሩን ገና ሳልጨርስለት የራሱን ሚስት ታሪክ አመጣ። በመጀመሪያው ልጅ ጊዜ ያማራት የግድግዳ ጭቃ ነበር፤ የቤታቸውን ጭቃ ቢሰጣት ጣዕም የለውም ስላለች ከወንዙ ማዶ ከኦምዱርማን አመጣላት። "ያ ኡስታዝ፣ አንተ ዕድለኛ ነህ፤ ያላ ግባ" አለኝ። የጎረቤት የበረዶ ሣጥን ተውሰን፣ ከመንገድ ዳር በረዶ ገዝተን ሞላነውና ወጣን።

ስንሄድ መንገዱ ብዙም አላስቸገረንም። ወጣቶቹ በጡብና በድንጋይ መንገድ የሚዘጉበትን ክምር ቱርስ ይሉታል፤ በየሰፈሩ መግቢያ አንዳንድ አለ። ግን ገና መደርደራቸው ስለነበር በጎን በጎን አሳለፉን። አንደኛው ጋ ብቻ ሣጥኑን አስከፍተው ፈተሹ። ይቅርታ እየጠየቁ፣ እያመሰገኑ፣ ግማሹን በረዶ ለመጠጥ ውሃቸው ወሰዱት። ጎረቤቴ ለአብዮቱ ያደረግነው አስተዋጽኦ ነው አለ።

ሐጃ የሚባሉት ሴት ግዙፍ፣ ቶብ የሚሉትን ነጭ መጠቅለያ የለበሱ፣ ቀድሞ የሴቶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ መበለት ናቸው። ግቢያቸው ገብተን ገና ሰላምታ ሳንጨርስ እጃችንን ታጠቡ አሉን። አይስክሬም ፈልገን እንደመጣን ነገርኳቸው። ሰምቻለሁ፣ ታጠቡ አሉ። በባዶ ሆዱ አይስክሬም የሚበላ ሰው ሆዱንም አይስክሬሙንም ይሰድባል፤ ስለዚህ እሳቸው ቤት ምሳ ያልበላ አይሸጥለትም። ይህ ሕግ ለሚኒስትር ሹፌርም እንደሚሠራ ነገሩን። ሹፌሩ ሚኒስትሩ መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ነው ቢላቸው፣ እንግዲያው እሳቸውም ገብተው ይታጠቡ ብለውት ነበር አሉ።

የቀረበልን አሲዳ ነበር፤ በትሪ መሃል እንደ ጉብታ የተቆለለ ለስላሳ ገንፎ፣ ዙሪያውን በደረቀ ሥጋና በደረቀ ባሚያ የተሠራ ቀይ ወጥ የፈሰሰበት። እኔ በሱዳን ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ አሲዳም በየቀለም ሥራው ቦታ በልቻለሁ። እንደዚያ ያለ ግን በልቼ አላውቅም። ወጡ ውስጥ የተጠበሰ ሽንኩርት ተደቁሶ ገብቷል፤ ቅመሙ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ጎረቤቴ ወሬ ማቆሙን ሳይ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባኝ። ጣቶቻችንን ላስን። ሐጃ አጠገባችን ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፈተና እንደሚቆጣጠር ሰው ከአንዳችን ወደ ሌላችን እያዩ፣ ባቆምን ቁጥር በጭልፋ ይጨምሩብናል።

ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ሕግ መጣ። መብራት የለም፤ ስለዚህ አይስክሬሙ የሚሠራው በድሮው መንገድ ነው። የእንጨት በርሜል፣ ውስጡ በረዶና ጨው፣ መሃሉ ላይ የብረት ጣሳ፣ ከላይ ደግሞ የሚሽከረከር እጀታ። የሚያሽከረክረው ገዢው ነው። ሁሉም እኩል የሆነበት አገር እንፈልጋለን እያላችሁ ስትጮኹ ሰምቻለሁ፣ እዚህ ጀምሩት አሉ። ጮኹ የተባልነው አንድ ስደተኛና አንድ ባለ ራክሻ ነን። እየተፈራረቅን አሽከረከርን። ቀለም ቀቢ ስለሆንኩ ክንዴ ጠንካራ ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካስ ጥንካሬዬ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ኖሯል። ማዞሩ ሲመጣ ትከሻዬ ተንቋቋ። ጎረቤቴ ከሱ ይልቅ የኦምዱርማኑ ጭቃ ይሻለኝ ነበር አለ።

በመጨረሻ እጀታው አልዞር ሲል ሐጃ ክዳኑን አነሱ። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጎምዘዝ ያለ። ከርከዴ ከሚሉት ቀይ አበባ ቀድመው የሠሩትን ቀይ አይስክሬምም ላረገዘችው በስጦታ ጨመሩልን። ሁለቱን ጣሳ በሣጥኑ ውስጥ ከቀረው በረዶ መሃል ቀብረን ተሰናበትናቸው።

ስንመለስ ግን ከተማዋ ሌላ ሆና ጠበቀችን። ጠዋት በጎን ያለፍነው ቱርስ ወገብ ድረስ ከፍ ብሏል፤ ጎማ ይጨሳል። የቆሙት ልጆች በትህትና ተመለሱ አሉን። ጎረቤቴ ከራክሻው ወርዶ የኔን ጉዳይ አስረዳ፤ ሚስቱ አርግዛለች፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ይበላሽበታል አለ። ልጆቹ ተመካከሩና ጥቂት ጡብ አንስተው አሳለፉን። አንዱም ለቀጣዩ ቱርስ ስልክ ደወለ።

ቀጣዩ ቱርስ ላይ ስንደርስ መንገዱ ቀድሞ ተከፍቶልናል። አንድ ልጅ ሣጥኑን በሐዘን እያየ፣ ለታመመችው ሚስቴ መድኃኒቱ በጊዜ እንዲደርስ አላህን ለመነልኝ። አሚን አልኩት፤ ምን እላለሁ። ሦስተኛው ጋ ሞተር ብስክሌቶች ተዘጋጅተው ይጠብቁን ነበር። ሚስቴ ምጥ ይዟታል፣ ደም ፈሷታል፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውም የሚሰጣት ደም ነው ተብሏል። ደንግጬ ላርማቸው አፌን ስከፍት ጎረቤቴ ክርኔን ጎሰመኝ።

"ያ ኡስታዝ፣ ደም ነው ካሉ ደም ነው። አይስክሬም ነው ካልናቸው እዚሁ ይቀልጣል።"

ሞተሮቹ ጥሩምባ እየነፉ ከፊታችን ሄዱ። በየመንገዱ ሰው ጡብ ያነሳል፤ ሴቶች ከየበሩ ወጥተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ይዘረጋሉ። እኔ ሣጥኑን አቅፌ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ የገባሁበትን ሳስብ ፊቴ ሳይገረጣ አልቀረም። ይህን ያየው ሕዝብ ደግሞ ባሰበት። አንዲት ነጭ ጋወን የለበሰች የሕክምና ተማሪ ከአንዱ ሞተር ጀርባ ወርዳ ከእኔ ጎን ተቀመጠችና፣ ደሟ ምን ዓይነት ነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ያ ብቻ ነበር ያን ቀን የተናገርኩት ፍጹም እውነት።

ጀብራ ስንደርስ ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ በር ላይ ቆማለች። ሆዷ ገና መካከለኛ ነው፤ አንድ እጇ ወገቧ ላይ፣ በሌላው ማራገቢያ ይዛለች። ተማሪዋ ሮጣ ሄዳ ምጥ የያዛት ሴት የት እንዳለች ጠየቀቻት። ባለቤቴ ግራና ቀኝ አይታ እኔን ስታገኘኝ፣ ካርቱም ውስጥ ያለ ጥፋት ሁሉ የኔ እንደሆነ ዓይነት አተያይ አየችኝ።

ተማሪዋ ሣጥኑን ከእጄ ወስዳ ከፈተችው። ከላይ የነበረው የከርከዴው ጣሳ ነው፤ ግማሹ ቀልጦ ቀይ ሆኖ ይዋልላል። የቆመው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ተማሪዋ አጎንብሳ አሸተተች። ትንሿን ጣቷን ነከር አድርጋ ቀመሰች። ከዚያም ፊቷ ላይ ምንም ሳይነበብ፣ "በጣም ጤነኛ ደም ነው፤ ስኳሩ ብቻ በዝቷል" አለች።

የሚቆጣ ሰው ይነሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። መጀመሪያ የሳቀው ከሞተር ነጂዎቹ አንዱ ነው፤ ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት መንገዱን ያዘው። ባለቤቴ ሲገባት እሷም በማራገቢያው አፏን ሸፍና ሳቀች። የሻይ ብርጭቆዎቻችንንና ማንኪያዎቻችንን አውጥታ ቀዩን አይስክሬም ለሁሉም አዳረሰች። ፉል ሻጩ ሳይቀር ተሰለፈ። ተማሪዋ ግን ሥራዋን አልረሳችም፤ ባለቤቴን አስቀምጣ የዓይኗን ሥር ገልባ አየች፣ ደሟ ሳያንስ እንደማይቀር ነገረቻትና፣ እንደ ምንም ብለሽ ብዪ፣ ሐኪምም ይይሽ ብላት ሄደች።

ሰው ሲበተን ነጩን ጣሳ ከፈትንላት። አንድ ማንኪያ ጎርሳ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከራሴ ትከሻ ጀምሮ የደረሰብኝን ልነግራት ስጠጋት፣ እንደ ወትሮው ሸሚዝህን አውልቅ ትላለች ብዬ ቁልፌን መፍታት ጀመርኩ። እሷ ግን እጄን ያዘችና ደረቴን አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

"ምን በልተህ ነው የመጣኸው?"

አሲዳ አልኳት። ወጡ ምን እንደነበረበት ጠየቀችኝ። የተደቆሰ ሽንኩርቱን፣ የደረቀውን ሥጋ፣ ቅመሙን ስነግራት ማንኪያዋን ጣሳው ውስጥ ተከለችው። "እኔን አይስክሬም አስመኝተህ አንተ እሱን በላህ?" አለች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሁለታችንንም አሳፍሮ ወደ ካላክላ ወሰደን። ቱርሶቹ ላይ ያሉት ልጆች ደም ፈሷት የነበረችው እህት በአንድ ቀን ድና ስትንቀሳቀስ በማየታቸው ፈጣሪን አመሰገኑ። ሐጃ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ እኔን ምንም ሳይሉኝ፣ አሲዳውን ራሳቸው አቀረቡላት። በላች። በዚያ ሁሉ ወር ስትበላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ትሪውን በጣቷ ጠርጋ ጨረሰችው። ሐጃ በጭልፋ ሊጨምሩላት ሲሉ እንቢ አላለችም።

ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ በኒም ዛፍ ጥላ፣ በገመድ የተጠለፈች አልጋ ላይ ትንሽ ልረፍ ብላ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ጎረቤቴ ሊስቅ ሲል ሐጃ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሁለታችን በርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠን፣ የማለዳውን ቀዝቃዛ ከርከዴ እየጠጣን፣ የአሱር ሶላት እስኪጠራ ድረስ እሷን ላለመቀስቀስ በሹክሹክታ ስለ አገር እናወራ ነበር።