ያልተጠመቅሽ እንደ ሆነ

ልጄ የተጠመቀችው በየትኛው ቀን እንደሆነ በእርግጥ አላውቅም። ከሁለት ቀኖች በአንዱ ነው። አንደኛው ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው በቤታችን፣ ካህን ባሉበት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ትቶት ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን እንደዚያ አልተፈጠርኩም።

ያደግኩት ኦርቶዶክስ ሆኜ ነው፤ የተማርኩትም እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፣ ከወደ ትግራይ የመጣ የካቶሊክ ልጅ። ልንጋባ ስንል እንደገና ያጠምቁኛል ብዬ ፈራሁ። እናቴም ይህንኑ ፈርታ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። የካቶሊኩ ካህን ግን ጥምቀት አንዲት ናት፣ በሰማንያ ቀንሽ የተጠመቅሽው ይበቃል አሉኝ። እፎይ አልኩ። ቃላቸው ግን ከውስጤ አልወጣም። አንዴ ብቻ የሚደረግ ነገር ከሆነ በትክክል መደረግ አለበት ማለት ነው።

በእኛ አካባቢ ካቶሊክ በጣት የሚቆጠር ነው። ቤተ ክርስቲያን የለንም፤ አባ የምንላቸው ካህን ከሩቅ በወር ወይም በሁለት ወር አንዴ ይመጡና ከአንዳችን ቤት ይቀድሳሉ። በመካከሉ ባለው ጊዜ እንድማርበት ባለቤቴ በጥያቄና መልስ የተጻፈች ትንሽ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ሰጠኝ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳት። ምስጢር ማለት በሚታይ ነገር የማይታይ ጸጋ የሚሰጥበት እንደሆነ ከእሷ ተማርኩ። ውሃው ይታያል፤ የሚሠራው አይታይም። በመቁጠሪያ መጸለይንም ከእሷ ነው የተማርኩት። ሐሳቡ እንደኔ ለሚሮጥበት ሰው ጣት የሚይዘው ፍሬ መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። በጭንቅ ጊዜ ካህን ካልተገኘ ማንም ሰው ማጥመቅ እንደሚችል የሚናገር ገጽም ነበራት። እሱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ማንም ሲል ግን ከእኛው ከክርስቲያኖቹ ማንም ማለቱ መሰለኝ።

ልጄ በተወለደች በወሯ ገደማ አባ መጡ። ባለቤቴ አሁኑኑ ትጠመቅ አለ። እኔ እንቢ አልኩ። በእናቶቼ ወግ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ነው። አባ አልተጫኑኝም። ከእኛም ብዙዎች ይህንኑ ይጠብቃሉ፣ ነገር ግን ተመልሼ የምመጣበትን ቀን አላውቀውም፣ ባትዘገይ ይሻላል አሉኝ። ሰማንያው ይሙላ ብዬ ድርቅ አልኩ። እንዳልሳሳት ስጠነቀቅ የሠራሁት ስህተት ይህ ነው።

ሰማንያው ሳይሞላ ትውከትና ተቅማጥ ያዛት። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስመልሳትና ሲያስቀምጣት አደረ፤ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ጡት መያዝ አቃታት። ባለቤቴ ለሥራ ዋጃ ነበር። ጎረቤቴ ሰማችና መጣች። ሙስሊም ናት፣ ስድስት ልጆች ያሳደገች፣ እትዬ ብዬ የምጠራት። የልጄን የሆዷን ቆዳ በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም። ነጠላዬን ከገመዱ ላይ አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችና ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።

የገበያ ቀን ነበር። አስፋልቱ ማሽላ በጫኑ አህዮችና ግመል በሚነዱ ሰዎች ተሞልቶ ባጃጁ እየቆመ ነበር የሚሄደው። መንገዱን ስናጋምስ የልጄ ዓይን ወደ ላይ ተገለበጠ። አንገቷ ክንዴ ላይ ወደቀ። ያኔ ሳትጠመቅ ልትሄድብኝ ነው የሚለው ሐሳብ ከሞቷ ሐሳብ ጋር አብሮ መጣብኝ፤ የትኛው እንደቀደመ ዛሬም አልለየሁትም። ባለ ባጃጁ ጥግ ይዞ እንዲቆም ለመንኩት። እትዬ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ይዛ ነበር። እኔ ልጅቷን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ አንዱን ብለቅ ራሷ ይወድቃል።

«እትዬ፣ ሳትጠመቅ እንዳትሄድብኝ» አልኳት።

ጠርሙሱን ከፈተች። «ውሃውን እኔ አፈሳለሁ» አለች። «ቃሉን ግን አንቺ በዪው። እኔ ብለው ለአንቺም አይሆንሽ፣ ለእኔም አይሆነኝ።»

እሷ ሦስት ጊዜ ከልጄ ራስ ላይ አፈሰሰች፤ እኔ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ አልኩ። ባለ ባጃጁ ፊቱን ወደ ግመሎቹ አዙሮ ጠበቀን።

የምንኖረው እንዲህ ስለሆነ ለሁለታችንም ትክክል መሰለን። ሠርግ ሲሆን ለሙስሊሙ ሙስሊም ያርዳል፣ ለክርስቲያኑ ክርስቲያን ያርዳል። ድስቱ ይለያል፤ ጭፈራው አንድ ነው። እሷ ልጇን ስትድር ሽንኩርት ስልጥ ውያለሁ፤ ቢስሚላህ ከሚባልበት ቦታ ግን እጄን አላስገባሁም። እሷም ከእኔ ቤት እንደዚያው ናት። ሥራ ተካፍሎ መያዝን ከልጅነታችን እናውቃለን፤ እንደለመድነው ጥምቀቱንም ተካፈልነው።

ቆቦ ደረስን። ደም ስሯን ፈልገው ግሉኮስ ሰቀሉላት፤ በኋላም ሕይወት አድን የሚሉትን ቅመም በማንኪያ እያጠጣሁ አደርኩ። በአራተኛው ቀን ጡት ይዛ እስኪያመኝ ሳበችኝ። ያ ሕመም እንደደስታ የተሰማኝ በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ሐኪሞቹን አመሰገንኩ፣ እትዬን ምን ብዬ እንደማመሰግናት አጣሁ።

አባ በሚቀጥለው ሲመጡ በደስታ ነገርኳቸው። መጽሐፏ እንደምትለው በጭንቅ ጊዜ አጠመቅናት አልኩ።

«አጠመቅናት ስትዪ፣ ማን ነው ያጠመቃት?» አሉኝ።

ጎረቤቴ አፈሰሰች፣ እኔ ቃሉን አልኩ ብዬ መለስኩ። ውሃው ራሷን ነክቶ ፈስሷል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ፈስሷል አልኩ። ቃሉን አንድ በአንድ አስደገሙኝ፤ ደገምኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ውሃውን የሚያፈስሰውና ቃሉን የሚለው አንድ ሰው መሆን አለበት። አጠምቅሻለሁ የሚል ሰው እጁ ራሱ እያጠመቀ መሆን አለበት። የእኔ አፍ ብሏል፣ እጄ ግን አላደረገም። የእሷ እጅ አድርጓል፣ አፏ ግን አላለም።

ጥያቄው ከአፌ አመለጠኝ፤ እሷ ሁለቱንም ብታደርገው ኖሮስ አልኳቸው።

«ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን አደርጋለሁ ብላ ካሰበች፣ ይሆን ነበር» አሉ።

«ሙስሊም ሆና?»

«ሙስሊም ሆና።»

እንግዲህ እኔ ለእሷ ተጠንቅቄ፣ እሷ ለእኔ ተጠንቅቃ፣ በመካከላችን አበላሸነው። ልጄ ያን ቀን ሞታ ቢሆንስ የሚለው መጣብኝና አለቀስኩ። አባ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኛ ነን በሥርዓቱ የታሰርነው፣ እግዚአብሔር አልታሰረም፤ ባጃጅ ውስጥ ሆና ለልጇ የምትጮህን እናት እጅና አፍ እየለየ የሚቆጥር አምላክ አይደለም የምናመልከው አሉኝ። ከብዙ ስብከት ይልቅ ያቺ ቃል ጠቅማኛለች።

እንግዲያው ደግመን እናጥምቃት እንዳልል ጥምቀት አትደገምም። እንዲሁ እንተዋት እንዳልል ጥርጣሬው አለ። ለዚህም ግን መንገድ አለ አሉ። ካህኑ «ያልተጠመቅሽ እንደ ሆነ አጠምቅሻለሁ» ይላል። ተጠምቃ ከሆነ ይህ ምንም አይጨምርባትም፤ ካልተጠመቀች ያን ጊዜ ትጠመቃለች። ይህን ስሰማ ቤተ ክርስቲያኒቱን ወደድኳት። በር ቆልፋ ከሄደች በኋላ መቆለፉን ልታረጋግጥ ተመልሳ የምትነካ እናት መሰለችኝ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ።

አባ ለክርስትናው አንድ ሳምንት ሊቆዩልን ተስማሙ። የቀረኝ እትዬ ነበረች። ለክርስትናው ጠርቻታለሁ፤ መጥታ ቄሱ እንደገና ውሃ ሲያፈስ ስታይ ምን ትላለች? ውሃሽ አልሆነም ብሎ መንገር ልጄን ባተረፈች እጅ ላይ መትፋት መሰለኝ። ሁለት ቀን ከደጇ እየደረስኩ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ራሷ አየችኝና ዶሮ ጠፍቶብሽ ነው ወይ የምትዞሪው ብላ ጠራችኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት።

በእርጋታ ሰማችኝ። ከዚያ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። እሷም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንጀል ገባሁ፣ ኃጢአት ሠራሁ ይሆን እያለች ስትጨነቅ ነበር ለካ። ከእኔ ደብቃ ሸሁ ዘንድ ሄዳ ጠይቃለች። ሸሁ በሕመም ለደከመች ሕፃን ውሃ ማፍሰስ እዝነት ነው፣ ቃሉን ካላልሽ ምን አለብሽ ብለዋታል።

«የእኔ ሸህ ቃሉን ስላላልሽ ነፃ ነሽ አሉኝ» አለች። «የአንቺ ቄስ ደግሞ ጥምቀቱ ያልሆነው ቃሉን ስላላለች ነው አሉ። ሁለቱን አንድ ቀን አገናኝተን ብናስታርቃቸው ይሻላል።»

ተቀይመሽኝ ይሆን ብዬ ጠየቅኳት። ልጅቷ ከእቅፏ ላይ ሆና የመቁጠሪያ ሙስበሃዋን ስትጎትት ነበር። የምትቀየመው ባትነግሪኝ ነበር አለች፤ ካህኑ ሲያፈሱ አይቼ ብረዳው ያን ጊዜ ጨው አንዋዋስም ነበር አለች።

በክርስትናው ቀን ቤታችን ሞላ። የባለቤቴ እህት ከሩቅ መጥታ የክርስትና እናት ሆነች። የክርስትና እናት ማለት ልብስ የምታለብስ ብቻ አይደለችም፤ እኔ ባልኖር ሃይማኖቷን የምታስተምራት ናት፤ ይህንንም ሦስት ጊዜ አስታወስኳት። እትዬ ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። አባ ውሃውን በገዛ እጃቸው አፈሰሱ፣ በገዛ አፋቸው «ያልተጠመቅሽ እንደ ሆነ» አሉ። ከእጃቸው ላይ ዓይኔን አላነሳሁም። ቀጥለው ቅብዐ ሜሮን ቀቧት፤ አለቀሰች፣ ድምፅዋም ጠንካራ ነበር።

ካበቃ በኋላ አባን የቱ ቀን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። እኔም አላውቅም ልጄ፣ በሁለቱም ቀን ማመስገን ትችያለሽ አሉኝ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ። የባጃጁን ቀን ሳስብ ስለተሳሳትነው ሳይሆን ብቻዬን ስላልነበርኩ አመሰግናለሁ። የቤቱን ቀን ሳስብ ጥርጣሬዬን ሳይንቁ ስለተሸከሙልኝ አመሰግናለሁ።

እንግዳው ሲበተን እትዬ ልጅቷን ተቀበለችኝ፤ ገና እርጥብ የነበረውን ፀጉሯንም በነጠላዬ ጫፍ ጠረገችላት።

«አሁንስ ልብሽ አረፈ?» አለችኝ።

«ትንሽ» አልኳት።

«ለአንቺማ ትንሽም ብዙ ነው» አለችኝ።