ለእናቴ የተገጠመው ሞላ

ገዳሪፍ ጋራዥ ውስጥ መካኒኩ የባለቤቴን ባለሦስት ጎማ ራክሻ ሞላ ሲፈታ፣ የግሪሱ ሽታ በልጅነቴ ወደኖርንበት ባሱንዳ መለሰኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሕመሙ ጠንቶባት ሐኪም ቤት ልትሄድ ነው። አባቴ መንገዱ እንዳያንገጫግጫት የራሱን ራክሻ ጠንካራ የጭነት ሞላ አውጥቶ ለስላሳውን ገጠመ።

«እኔስ አባዬ?»

«ይሄ ሞላ ሁለታችሁን አይችልም፣ ልጄ» አለኝ ፊቱን አዙሮ።

እናቴ ጉንጬን ዳሰሰችኝና ሄዱ። በማግስቱ አስከሬኗን ይዞ ተመለሰ። ክብደቴ ነው ያስቀረኝ እያልኩ ሰውነቴን ስረግም አደግሁ።

መካኒኩን ጠየቅሁት፦ «ለስላሳው ሞላ አንዲት በሽተኛና አንድ ሕፃን ይችላል?»

«ምን ገዶት፣ እህቴ! ሦስት ትልልቅ ሰው ይችላል።»

ለካ አባቴ እንደማትተርፍ ያውቅ ነበር። ስትሞት እንዳላይ ብሎ ነው የተወኝ። እሱም ካረፈ ቆየ፤ አልጠይቀው ነገር። ጋራዡ መሐል ቆሜ አለቀስሁ።