ለኮምፒውተሩ ስም ሲወጣ

ሲኤምሲ ቤታችን ያሉት ሁለት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ አንተያይም ስላሉ ልጄ ባለሙያ ጠራ። የመጣው ጎልማሳ አንገትጌው ያለቀ፣ ግን በወጉ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል። ጎንበስ ብሎ መረመረና ሳቅ አለ።

«እማማ፣ ሁለቱም አንድ ስም ይዘው እንዴት ይተያዩ! ለአንዱ ሌላ ስም እናውጣለት።»

«አንተው አውጣለት፣ ልጄ» አልኩት ባለሙያውን።

ሳያስብ «የሺአረግ» ብሎ ጻፈ።

«ሚስትህ ናት?»

«ታላቅ እህቴ ናት። አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ከጠፋ ቆየ። እናታችን አስከሬኗን ሳላይ ለቅሶ አልቀመጥም ብላለች። እኔም በምሠራበት ቤት ሁሉ ስሟን አስገባለሁ።»

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ወዲያው በሌላኛው ስክሪን ላይ ስሟ ብቅ አለ። እሱም ታላቅ ሰው እንደገባበት ሁሉ ከወንበሩ ብድግ አለ።