የደረብኩት ጉርድ

ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ላፍቶ ውስጥ መወፈር ያስመሰግን ነበር። ባሌ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ሲመለስ ሥጋም ቅቤም ጭኖ ይመጣል፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ጎረቤቶቼ «ተመችቶሻል» ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

ያፈርኩት ክሊኒክ ውስጥ ነው። ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሎኝ ብሄድ፣ ነርሷ ወገቤን በሜትር ለካችና ቁጥሩን ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ ጮክ ብላ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ገና ልጅ እግር ነው።

«ግፊትዎ ጨምሯል፤ የደምዎ ስኳርም ከፍ ማለት ጀምሯል» አለኝ። «ገና የስኳር በሽተኛ አይደሉም፤ በዚሁ ከቀጠሉ ግን መሆንዎ አይቀርም። ሆድዎ ላይ ያለው ስብ ነው የሚጎዳዎት። ክብደት ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይሂዱ።»

ለማንም አልተናገርኩም። ግማሹ ሰፈር እጅ አጥሮት እየኖረ፣ በመብላት ብዛት ታመምኩ ብዬ በምን አፌ ላውራ? ስኳር የጥጋብ በሽታ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እኔም ብያለሁ።

ባሌ መንገድ ላይ ሳለ ቅቤውንም ለስላሳውንም ተውኩ። ሱቁን ከመክፈቴ በፊት ሀና ማርያም ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ስለት አለብኝ እላለሁ። በማርያም ስም መዋሸቴ ሌላ እፍረት ሆነብኝ። ራስ ምታቱ ግን ለቀቀኝ፣ ቀሚሶቼም ሰፉኝ።

ችግሩ፣ በዚያ ዘመን የከሳ ሰው የሚጠረጠረው በአንድ በሽታ ብቻ ነበር። በስሙ የሚጠራው እንኳ አልነበረም፤ «ያ በሽታ» ነው የሚባለው። የሾፌር ሚስት ስትከሳማ ጥያቄም የለውም። አንድ ቀን ማኅበር ላይ፣ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ጎረቤቴ ብርጭቆዬን ከሌሎቹ ለይታ አስቀመጠችው። ቆይታ ጠጋ አለችና «እህቴ፣ ጸበል ብትሞክሪስ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

የከሳሁት ስኳር ፈርቼ ነው ማለት አቃተኝ። ብልስ ማን ያምነኛል? ምንም ሳላጠፋ የምገባበት ጠፋኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ከቀሚሴ ሥር ጉርድ በጉርድ ላይ እደርባለሁ፤ በዚያ የበጋ ፀሐይ ሹራብ እለብሳለሁ። ጠዋት በእግሬ ያራገፍኩትን ክብደት ቀን በጨርቅ መልሼ እሸከመዋለሁ።

ባሌ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከጉዞ ገባ። ሙቀቱ ሲያስጨንቀኝ ጓዳ ገብቼ ጉርዶቹን ሳወልቅ፣ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ምን ሆነሻል ብሎ ይጠይቀኛል ስል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ምኑን?»

«እኔ ነኝ ከመንገድ ያመጣሁብሽ።»

ከክሊኒኩ ጀምሮ ሁሉንም ነገርኩት። ስኳር የሚለውን ሲሰማ እፎይ አለ፤ ወዲያው ግን ከአፉ ያመለጠው ነገር ትዝ አለውና አንገቱን ደፋ። አልጮህኩበትም። ያን ሁሉ ጊዜ በሆዴ ሳፍር ከርሜ፣ ሰፈሩ የፈራልኝ በከንቱ እንዳልነበረ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ሁለታችንም ለደም ምርመራ ወጣን። ጎረቤቴ በሯ ላይ ቆማ ታየናለች። ጉርዶቹን አልደረብኩም።