የጋሽ ፍስሃየ ኩሬ

ጋሽ ፍስሃየ ውሃቸውን ሲያወድሱ የሰማ ሰው፣ ከጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ሳይሆን ከጠበል የሚወጣ ይመስለዋል። ናይሮቢ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ኃላፊ ናቸው። የአስመራ ልጅ ናቸው፤ አማርኛውን የተማሩት በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ሲሠሩ ነው። ሁርሊንግሃም ሰፈር ከእኛ ከአበሻ ወዳጆቻቸው ጋር ምሳ ሲቀመጡ ወሬያቸው ስለ ኩሬያቸው ብቻ ነው። የተጣራው ውሃ ወንዝ ከመግባቱ በፊት እዚያ ይጠራቀማል፤ ቲላፒያ የሚባል ዓሳ ለቀውበታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ወደ ኩሬው ይወስዱና፣ «ይኸው፣ ይዋኛል አይደል?» ይላሉ። ተቆጣጣሪውም መዋኘቱን አይቶ ይሄዳል።

ዓሳው ግን አይራባም። በየዓመቱ የዓሳ ጫጩት እየገዙ ይጨምራሉ፤ ማነሱን ወፎች በሉት ብለው ያሳብባሉ። ደግሞ የሚያጸዱት ዓሳ ሁሉ ሆዱ እንቁላል ነው። በረከት ነው አሉን፤ እኛም አሜን ብለን በላን።

ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ፣ ፓርክላንድስ ሰፈር የምትኖረው ልጃቸው ናጽነት ነፍሰ ጡር ነበረች። የንስሐ አባቷ ቢፈቅዱላትም ሥጋ አልቀምስም ብላ ድርቅ አለች። ጋሽ ፍስሃየ ደግሞ ዓሳ ጾም አያስገድፍም ከሚሉት ወገን ናቸውና ዘዴ አላጡም፤ በየቅዳሜው ከኩሬው እያወጡ ይወስዱላት ጀመር። «ለልጁ ጥሩ ነው» እያሉ እንቁላሉን ለብቻው ይጠቀልሉላታል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ቀደም ሲል ከኩሬው ዓሳ ወስዳ የመረመረች ብሩክታዊት የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጣች።

«ጋሽዬ፣ ግማሾቹ ወንድ ናቸው» አለቻቸው። «እንቁላሉን ግን እነሱም ይዘዋል።»

ጨርቁ የሚታጠብበት ኬሚካል ማጣሪያው ውስጥ ሲፈራርስ የሴት ሆርሞን የሚመስል ነገር ይተዋል፤ ወንዱን ዓሳ እንቁላል የሚያሲዘው እሱ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ተቆጣጣሪም ስለ እሱ አይጠይቅ። ሥራ አስኪያጁ ራጃ ግን ደስ አላቸው፦ «ሁሉም ሴት ከሆኑማ ይራቡልናል!»

ጋሽ ፍስሃየ መሳቅ አቃታቸው። ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ ተሳፍረው በቀጥታ ልጃቸው ዘንድ ሄዱና ሁሉንም ነገሯት። በጣም ፈርተው ነበር።

«አቦይ፣ ስካን ላይ ኖርማል ነው ብለውኛል እኮ» አለች። «ቤቢው ወንድ ነው።» ከዚያ ነገሩ ገባት። «ታዲያ ምን ይሆንብኛል?»

ለስንቱ ባለሥልጣን አፋቸውን ሞልተው ሲመልሱ የኖሩት ሰውዬ ይህን ብቻ አሏት፦

«አላውቅም፣ ልጄ። ተመራማሪዋንም ጠይቄያት ነበር፤ እሷም አታውቅም።»

ናጽነት ሆዷን በሁለት እጇ አቅፋ ፊቷን ከአባቷ አዞረች።