በረጅሙ ሰው የተለወጥኩበት እሑድ

ትናንት በፒኮ መንገድ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ አዲስ የቅርጫት ኳስ ታቅፎ ነበር፤ የላስቲኩ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደኝ፣ ከሱዳን ወደዚህ አገር በገባን በሦስተኛው ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነጠላዬን ፌርፋክስ አጠገብ ባለው ሜዳ አጥር ላይ አስሬ፣ በወንድሜ በዳዊት ቡድን ውስጥ ኳስ ወደማቀብልበት ጊዜ።

ቡድኑ ውስጥ የገባሁት ተለምኜ አይደለም። አምስተኛው ሰው እሑድ እሑድ ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ እኔ ደግሞ ጨዋታውን ሃይስኩል ተምሬው ነበር፣ ሶ ዳዊት «ቆመሽ አፍሽን ከምትከፍቺ ግቢ» አለኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ዳዊት ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ የሚውል፣ አንድ ቦታ መቆም የማይሆንለት ልጅ ነበር፤ ኳሷ እጄ ስትገባ ወደ ቅርጫቱ ይፈተለካል፣ ዞር ብሎ አያየኝም፣ እጁን ብቻ ያነሳል፣ ኳሷም እዚያው ትደርስለታለች። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም።

ችግራችን ቁመት ነበር፤ አምስታችንም አጫጭሮች ስለሆንን የሳትነውን ኳስ የሚያነሳልን አልነበረም። ተጋጣሚዎቻችን የግሌንዴል ሰፈር ልጆች ደግሞ እንደ ስልክ እንጨት ከቅርጫቱ ሥር ተደርድረው ኳስ ይጠብቃሉ፣ የሚያመጣላቸው ግን የለም። ፊሽካ የሚነፉልን ጋሼ ወርቁ ይህን ለወራት ሲያዩ ከርመው፣ አንድ ቀን ሁለት ሰው አስከትለው ቤታችን መጡና፣ ለጋብቻ እንደተላከ ሽማግሌ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። «ግሌንዴሎች ረጅሙን አበራን ሰጥተው ልጅቷን ይፈልጋሉ» አሉ።

«እኔን ምን ይጠይቁኛል ጋሼ? ካፒቴኑ ያውልዎት» አለ አባቴ ሳቁን እየታገለ።

ዳዊት ምንጣፉን ምንጣፉን እያየ፣ «ኦኬ፣ ለሁለታችንም ይጠቅማል» አለ።

«እኔንስ የሚጠይቀኝ የለም?»

«ሙሽራ አትናገርም፣ ዝም በይ!» አሉ ጋሼ ወርቁ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም።

ግሌንዴሎች አለፈላቸው። ኳሷን ይዤ እሮጣለሁ፣ ወደ ላይ እወረውራለሁ፣ እነሱ ያገቧታል። ለእኛዎቹ ለእነ ዳዊት ደግሞ አበራ የሳቱትን ሁሉ ይለቅምላቸው ጀመር፣ ችግሩ ከለቀመ በኋላ ነው፤ ኳሷን ከራሱ በላይ ይዞ ግራና ቀኝ ሲያማትር፣ ዳዊት ወዲያ ማዶ ደርሶ እጁን አንስቶ ይቆማል።

ሁለቱ ቡድኖች ሲገናኙ እኩል ለእኩል ሆነን ለማሸነፍ አንዲት ግብ ቀረች። ኳሷ እኔ እጅ ገባች። ዳዊት፣ ለካ ለምዶበት፣ ተጋጣሚው መሆኔን ረስቶ እኛ ልናገባበት ወደምንሄደው ማዶ ቅርጫት ተፈተለከ፤ ሳያየኝ እጁን አነሳ። እጄ ወደ እሱ ሊወረውር ምንም አልቀረውም። አጠገቡ ለቆመው ረጅም የግሌንዴል ልጅ ሰጠሁትና ዳዊት እጁን እንዳነሳ በላዩ ላይ አገባበት። ሜዳው አውካካ።

ወደ ቤት ስንሄድ ዳዊት «ትክክል ነሽ፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የማደርገው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተናደድኩትም ለዚያ ነው። ጋሼ ወርቁም አልተሳሳቱም፤ ዳዊት ኳሷን ራሱ መንዳት ሲለምድ ልውውጡ ለእኛዎቹም ሠራላቸው፣ ሁለቱም የጎደላቸውን አገኙ። ይህን አልክድም።

ግሌንዴሎች በሥራ ሲበታተኑ ወደ ዳዊት ቡድን ተመለስኩ። የመጀመሪያው እሑድ ኳሷ እጄ ስትገባ ያው እንደ ድሮው ተፈተለከ፤ ግን እጁ ከመነሳቱ በፊት አንገቱ ወደ እኔ ዞረ።